የቆረጥኩት ግማሽ

ቪዲዮውን ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። አርባ አንድ ሰከንድ ነው። ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ። ከፊታቸው የብረት እጀታ ያላቸው ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አሉ። ካላያችሁት አትፈልጉት። አይታችሁ የተናደዳችሁትንም፣ አይታችሁ ያጨበጨባችሁትንም ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ።

ቤዛ እባላለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። አባቴ ዲቪ ደረሰውና ከቤተሰብ ጋር ተጭኜ አትላንታ መጣሁ። በአራት ዓመት ውስጥ አምስት ሥራ ቀያየርኩ። ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ተሸክሜያለሁ፣ ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፌያለሁ፣ ሌላውን ተዉት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው።

ስድስተኛው ሥራዬ ጋሽ ታደለ ነበሩ። ሊልበርን ከልጃቸው ከህሊና ጋር ይኖራሉ። ህሊና ነርስ ናት፤ ሺፍቷ ረጅም ነው። ቀን ቀን ከአባቷ ጋር የሚውል ሰው ፈለገች። «አንድ ቀን ስቶቭ ሳያጠፋ ከቤት ወጥቶ ነበር እንጂ ሌላ ምንም የለበትም» አለችኝ። እኔም ምንም የለበትም ብዬ ገባሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአፌ «አንተ» ነበር የምላቸው። አትላንታ ምላስ ታሳጥራለች። አሁን ስጽፍ ግን «አንተ» ማለቱ ከእጄ አልወጣ አለኝ።

ጋሽ ታደለ ወጣት ሳሉ፣ ከተማዋ ሌኒንግራድ በምትባልበት ዘመን፣ እዚያ ተምረዋል። የተማሩት የሰው ሐሳብ ታሪክ ነው። መመረቂያቸውን የጻፉት ስለ ድሮዎቹ የሩስያ ወግ አጥባቂዎች ነበር። በኋላ አዲስ አበባ አስተማሩ፣ ከዚያ እዚህ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ፓርኪንግ ሠሩ። እኔ ስደርስ በስድስት ደብተር ላይ በአማርኛ መጽሐፍ እየጻፉ ነበር፤ ሩስያውያን «እኛ ማን ነን?» ብለው ስለተጨቃጨቁት ጭቅጭቅ።

«ለማን ነው የምትጽፈው?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ የደም ግፊታቸውን እየለካሁ።

«ለኛ።»

«ስለ ሩስያ ለኛ? ማን ያነበዋል ጋሼ?»

«ስሚ» አሉኝ፤ «በሽታሽን በራስሽ ላይ ሲያሳዩሽ ትሳደቢያለሽ። በሌላ ሰው ላይ ሲያሳዩሽ ግን ቀረብ ብለሽ ታያለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አጃ እያማሰልኩ ያስተምሩኝ ጀመር። ሁለት ወገን አለ፤ ስም ያወጡላቸው ራሳቸው ጋሼ ናቸው። አንደኛው አፈረኞች። እነዚህ «እኛ ወደ አውሮፓ ክፍል ዘግይቶ የገባ ተማሪ አይደለንም። የራሳችን እምነት፣ የራሳችን ማኅበር፣ የራሳችን መንገድ አለን፤ ያበቀለንን አፈር ለቀን የትም አንሄድም» ይላሉ። ከንጉሡ ሚኒስትሮች አንዱ ነገሩን በሦስት ቃል ጠቀለለው፦ ሃይማኖት፣ ዘውድ፣ ሕዝብነት። ሁለተኛው በረኞች። እነዚህ ደግሞ «ሌባ ፈርቶ በሩን የመረገ ሰው በገዛ ቤቱ ይታፈናል» የሚሉ ናቸው።

«ማን አሸነፈ?»

«ዛሬ የአፈሩ ንግግር ቤተ መንግሥት ገብቷል» አሉ። «ሐሳብ ቤተ መንግሥት ሲገባ ደግሞ ወታደር ይሆናል። ግን ወታደር ስለሆነ ሐሳቡን አላውቀውም ማለት አትችይም። መጀመሪያ በደንብ ስሚው።»

ይህ «በደንብ ስሚው» የሚሉት ነገር ሕግ ነበረው። ሕጉን ያወጡት ከጋሽ ሰይድ ጋር፣ ሌኒንግራድ አንድ ክፍል ሲኖሩ ነው። ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው፣ ሙስሊም፣ የውሃ ምሕንድስና የተማሩ፣ አሁን ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሸትል የሚነዱ ናቸው። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ለተከራካሪህ ከመመለስህ በፊት የሱን ሐሳብ ከሱ ይልቅ አሳምረህ ትናገርለታለህ። እሱ «የኔ ነው» ካላለ መመለስ የለም። «መዋስ» ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ከሥራ በፊት ይመጣሉ፣ ሁለቱ ብርጭቆዎች ይወጣሉ፣ ሻይ በማርማላታ ይጠጣል፣ መዋዋሱ ይጀመራል። «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ይላሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ብርጭቆዎቹም ለሌላ ለማንም አይወጡም።

እኔ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እለጥፋለሁ። ገጼ ላይ ስሜም ፊቴም የለም። ተከታዮቼ ከአንድ ሰርግ ታዳሚ አይበልጡም ነበር። ጋሼን መቅረጽ ስጀምር «ደግሜ ልሰማህ ነው» አልኳቸው። መጀመሪያ እውነት ነበር፣ በኋላ አልነበረም።

ያ ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ሁለቱም ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ማክሰኞ እኮ ነው። አየሁት። ሽማግሌ ያሻውን ያድርግ ብዬ ስልኬን ስኳር ማስቀመጫው ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ጮክ ብለው ሊሞክሩት ነበር። «የሩስያ አፈረኞች በብርቱው ጎናቸው ሲናገሩ እንዲህ ይላሉ» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ይሄ መጣ፦

«አገር ሆቴል አይደለም። ሆቴል ለገባ ሁሉ ቁልፍ ይሰጣል። አገር ያለው ምሰሶ ነው፤ ምሰሶውም አንድ እምነት ነው። እንግዳ ይከበራል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ደህናው አልጋ ይነጠፍለታል። ግን እንግዳ ምሰሶ አይሆንም። እንግዳን ምሰሶ ያደረገ ቤት አንድ ቀን በገዛ ልጆቹ ላይ ይወድቃል።»

ከዚያ ጣታቸውን አንስተው «ይህን ካልኩ በኋላ ግን…» አሉ። ቤዝመንት ያለው ድራየር ጮኸ። ልብስ ላወጣ ወረድኩ። ስመለስ «ጋሼ ጨረስክ?» አልኳቸው። «ጨረስኩ» አሉ። ስልኬን አነሳሁ።

በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ቆረጥኩት። ከፊት «የሩስያ» የሚለውን ቆረጥኩ፤ ሩስያ የሚል ነገር የሰማ ሰው ወደሚቀጥለው ያልፋል ብዬ ነው። ከኋላ «ግን» የሚለውን ቆረጥኩ። በላዩ ላይ «ጋሼ እውነቱን አፈረጡት» ብዬ ጻፍኩና ፖስት አደረግኩ። ሳላውቅ አይደለም። ምን እንደሚመስል አውቅ ነበር። ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ለማሰብ አልቆምኩም።

እስከ ረቡዕ ገጼ ጋለ። ግማሹ «እንዲህ ያለ አባት ያብዛልን፣ እንግዶቹ ይስሙ» ይላል። ግማሹ «ይሄ አክራሪ ሽማግሌ» ይላል። ስለ ማን እንደተናገሩ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ እኛ ነው ብሎ ወሰደው። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ላይ አንደኛ የወጣሁ መሰለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ህሊና ከነነርስ ልብሷ ያለ ሰዓቷ ገባች። ጋሼ መኝታ ክፍላቸው ሸለብ አድርጓቸዋል። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«ይሄን አይተሽዋል?»

«እ… አይቻለሁ።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እኮ ደወሉልኝ። የእሑዱን ትምህርት አባዬ እንዲሰጥ ጠርተውት ነበር፣ ቀርቷል አሉኝ። ሥራ ቦታ ዘይነባ ዓይኔን አላየችም። አብራኝ ምሳ የምትበላ ሰው ናት!» ስክሪኑን በጥፍሯ መታችው። «እይ። ሁለቱ ብርጭቆዎች። እነዚህ የሚወጡት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ሰይድ ሲመጣ። ሌላ ማን ይገባል እዚህ ቤት?»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር። ይልቅ ወደ ሲንኩ ዞርኩና የአጃውን ድስት ማጠብ ጀመርኩ።

ህሊና ጋሽ ሰይድን ከልጅነቷ ጀምሮ «አጎቴ» እያለች ነው ያደገችው። የዚያን ዕለት ስፒከር ላይ አድርጋ ስትደውልላቸው ግን አጎቴም አላለች፣ አንተም አላለች።

«አቶ ሰይድ፣ አባቴን ቀርጸው ለምን እንዳዋረዱት ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«እንዴት እንዴት ነው ያልሽው ልጄ?»

«ቪዲዮውን።»

«እኔ ቪዲዮውን ያየሁት ከሰው እጅ ላይ ነው» አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «ሆቴል አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ናቸው ያሳዩኝ። ‹ጓደኛህ አይደል?› አሉኝ። እኔም ‹ግማሹ የት አለ?› ብዬ ቅዳሜን እየጠበቅኩ ነበር። አባትሽን ልጠይቀው።»

«ምን ግማሽ ነው የሚሉት? ሌላ ሰው አልነበረም። ብርጭቆዎቹ ይታያሉ። እዚህ ቤት ዳግመኛ እንዳይመጡ፤ ስልክም እንዳይደውሉ።»

የቧንቧው ውሃ ብቻ ይፈሳል። ድስቱ ከጸዳ ቆይቷል፣ እኔ ግን እፈትጋለሁ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ሰላም በይው።»

ህሊና ከቤቱ ስልክ ወደሳቸው እንዳይደወል፣ ከሳቸውም እንዳይገባ ቁጥራቸውን ብሎክ አደረገችው። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አባዬ እንዳይሰማ፤ አደራ ቤዛዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ከዋሸሁት ሁሉ ያቺ እሺ ትብሳለች።

ቅዳሜ ህሊና ሥራ ገባች። ጋሼ ተላጩ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ብርጭቆዎቹን በፎጣ ወለወሉ። ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት ሆነ።

«ሰይድ ሰዓት አያሳልፍም» አሉኝ። ደወሉ፣ አልጠራም። እንደገና ደወሉ። «ይሄ ስልክ ምን ሆኗል?»

«ኔትወርክ ይሆናል።»

«ያስቀየምኩት ነገር ይኖር ይሆን? እኔ እኮ አንዳንዴ የምለውን…» ብለው ተዉት። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ። እኔ ዓይናቸውን ስሸሽ ምን እንደነበረ አላየሁም።

«ልብስ ላውጣ» ብዬ ወደ ቤዝመንት ሮጥኩ። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም። ድራየሩ ላይ ተደግፌ፣ ዛሬ ለህሊና እነግራታለሁ፣ አይ ሰኞ፣ አይ ሥራውን ለቅቄ እጠፋለሁ እያልኩ ነበር። መጥፋት እችልበታለሁ፤ አምስት ጊዜ ጠፍቻለሁ።

ስወጣ የፊት በር ተከፍቷል። «ጋሼ!» መታጠቢያ ቤት የሉም። ጓሮ የሉም። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎቹ የሉም።

ሊልበርንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቤቱና ሣሩ ያምራል እንጂ እግረኛ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ከሰፈሩ እንደወጣህ ባለ አራት ሌን መንገድ ነው፣ መኪናው ይበራል። ሣር የሚያጭደውን ጎረቤት ጠየቅኩት፤ በእጁ ወደ ትልቁ መንገድ ጠቆመኝ። መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ጌታ ሆይ ዛሬን ብቻ፣ ዛሬን ብቻ እያልኩ ነው። ግራ ታጠፍኩ፣ ማንም የለም። ተመለስኩ፣ ቀኝ ሄድኩ። ነዳጅ ማደያው ጋ የሆነ ሰው ክላክስ እያስጮኸ ነው። ጋሼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ እግራቸው አስፋልት ላይ፣ በእጃቸው የግሮሰሪ ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ፌስታሉ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንኳኳሉ።

መኪናዬን እዚያው አቁሜ ሮጥኩ፣ ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኩ። አዩኝ፤ ግን እኔን አላዩኝም። በሩስያኛ የሆነ ነገር አሉኝ፣ በትሕትና፣ መንገደኛን እንደሚያናግር ሰው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ቤዛ ነኝ።»

«ትራሙ ዘገየ» አሉኝ በአማርኛ፤ የሌኒንግራዱ የከተማ ባቡር መሆኑ ነው። «ትራሙ ካልመጣ ልጁ ብርድ ላይ ይቆያል።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ክንዳቸውን ይዤ ቆምኩ። ስንት መኪና እንዳለፈ አላውቅም። ቀስ ብለው ዙሪያቸውን አዩ፣ ማደያውን፣ ጫማቸውን፣ እኔን። ከዚያ ፊታቸው ወደቀ።

«ቤዛ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ለህሊና እንዳትነግሪ።»

አባትም ልጅም ያንኑ አደራ ሰጡኝ። የሁለቱንም ምስጢር የያዝኩት ግን ዋናዋ ሌባ እኔ ነበርኩ። መኪና ውስጥ አስገብቼ ቀበቶ አሰርኩላቸው።

«ወደ ቤት ልውሰድህ?»

«ወደ ልጁ ውሰጂኝ። ሻዩን ሳንጠጣ ቅዳሜ አይዋልም።»

ስም አልጠሩም። ልብ አላልኩም። ሃይዌይ ገባሁና ወደ ደቡብ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ «ጋሼ፣ እኔ…» እልና ሌን እቀይራለሁ። እሳቸው ፌስታሉን ጭናቸው ላይ ይዘው ብርጭቆዎቹ እንዳይጋጩ በመዳፋቸው ለያይተዋቸዋል።

ሆቴሉን ከድሮ ሥራዬ አውቀዋለሁ። ከጎን ፓርክ አደረግኩ፣ ኤሲውን ሳላጠፋ ወረድኩ። «መጣሁ፣ እዚሁ ጠብቀኝ።» ጋሽ ሰይድ የሰው ሻንጣ ከሸትል እያወረዱ ነበር። አዩኝ፤ መኪናውን፣ ውስጡ የተቀመጠውንም አዩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሌላ ሻንጣ አነሱ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ነኝ።»

«ምንሽ?»

«የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ቆርጬ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ጋሼ ምንም አያውቁም።»

ሻንጣውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት። «ሐሙስ ህሊና ስትደውልልኝ እዚያ ነበርሽ?»

«ድስት እያጠብኩ ነበር።»

«ውሃውን ሰምቼዋለሁ» አሉ። «‹ማን ነው እንዲህ ሲያጥብ የሚውል?› ብዬ ነበር።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ሙሉው አለኝ» አልኩ እየተንተባተብኩ። «መልሱም አለበት። ይስሙት፤ ጋሼ እንዲህ ማለት ፈልገው እንዳልሆነ ይስሙት።» እውነቱን ልንገራችሁ? ከቆረጥኩት በኋላ ያለውን እኔም ሰምቼው አላውቅም። መልሱ እዚያ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ። ስልኩን በመካከላችን ይዤ ከፈትኩት።

«…ይህን ካልኩ በኋላ ግን።» የኔ እግር ሲወርድ ይሰማል። ዝምታ። ወረቀት ሲገለጥ። «ግን። መልሱ… መልስ አለው ይሄ። ቤዛ!» እኔ የለሁም። ወንበር ተንቋቋ። «መልሱን የሚያውቀው ያ ልጅ ነው። የደሴው ልጅ። ስሙ… ስሙ ማን ነበር?» ረጅም ዝምታ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ። «አምላኬ፣ ሌላውን ሁሉ ውሰድ። የሱን ስም መልስልኝ።» ከዚያ ምንም። ከዚያ የኔ ድምፅ፣ ቀልጠፍ ያለ፣ ደስተኛ፦ «ጋሼ ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋሼን ላጸዳበት ብዬ ያመጣሁት ነገር ሌላ ገመና ሆኖ ወጣ። ለልጃቸው እንኳ የደበቁትን አስፋልት ላይ አሰጣሁባቸው።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ማክሰኞ። ብርጭቆዎቹንም ማክሰኞ አውጥተው ነበር።»

ወደ መኪናው ሄዱና በሩን ከፈቱ። ጋሼ ቀና ብለው አዩአቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይፈልጋል፣ አያገኝም።

«ሰይድ ነኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የደሴው። ኮፍያ ሳወልቅ መላጣዬ ሰው ያሳስታል ብዬ ነው።»

ጋሼ ሳቁ፤ ከሆዳቸው። «ድሮስ አንተን ኮፍያ ነው እንዴ የሚያሳውቅህ፣ ሰይድ! ዘገየህ።»

«ትራሙ ነው ያዘገየኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ። ይሄን ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

ለአለቃቸው ነግረው የምሳ ሰዓታቸውን ወሰዱ። ከሆቴሉ ቁርስ ቤት ሙቅ ውሃና የሻይ ከረጢት፣ ከዚያች በፕላስቲክ ከምትታሸግ ትንሽ ማርማላታም አራት አመጡ። ከኋላ ወንበር ሁለቱ ተቀመጡ፣ እኔ ከፊት። ብርጭቆዎቹ ተሞሉ።

«የማን ተራ ነው?» አሉ ጋሼ።

«ያንተ። አፈረኞቹን ተዋስልኝ።»

ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ አገር ሆቴል አይደለም፣ እንግዳ ምሰሶ አይሆንም፣ ሁሉንም፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ። በስተግራችን የሆቴሉ ሸትል ቆሟል። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲያልቅ «ደህና አድርገህ ተዋስክ። አሁን ግን መልሱ የኔ ነው» አሉ።

«በል።»

«ሌኒንግራድ፣ በዚያ ብርድ፣ ሳንባህን ታመህ ተኝተሃል። ሁዳዴ ነው። ሐኪሟ ሥጋ ብላ፣ ወተት ጠጣ አለችህ። አንተ ግትር፣ ሞቼ እገኛለሁ አልክ። ያኔ የሱፍ ዘይት ፍለጋ በረዶ ላይ የተሰለፈው ማን ነው?»

«አንተ።»

«ጥቅል ጎመኑን ድስት ለይቶ ቅቤ ሳያስነካ ያበሰለው?»

«አንተ። ጨው አብዝተህ ነበር።»

«ጨውህን ተወው። ጾሙ ያንተ፣ እምነቱ ያንተ፣ ቤቱ ያንተ። ምሰሶው ሲያዘም ከሥሩ የገባሁት ግን እኔ ነኝ፣ እንግዳው። ምሰሶ ከየት ደን መጣህ ተብሎ አይጠየቅም ታደለ። ጣራው ሲከብድ ቆሞ እንደሆነ ነው የሚጠየቀው።»

ጋሼ ብርጭቆውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «የኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቤዛ፣ ይሄን ያዥው። ምዕራፉ ይሄ ነው።»

ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልቀረጽኩም። ያን ጊዜ መቅረጽ ሌላ ስርቆት መሰለኝ። ስለዚህ የቆረጥኩት ግማሽ የትም ገጽ ላይ የለም፤ ያለው እዚህ፣ አሁን ባነበባችሁት ላይ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ህሊናን ከሥራ አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቪዲዮውን፣ ድስቱን፣ መንገዱን። አልጮኸችም። «ሐሙስ ‹እሺ› ብለሽኝ ነበር» አለች። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ተቀበለችኝ። የዚያኑ ዕለት ኮሌጅ ፓርክ ድረስ ነድታ ሄዳ «አጎቴ» ብላ እግራቸው ላይ እንደወደቀች ቆይቼ ሰማሁ። ጋሽ ሰይድ ቅዳሜያቸውን አላቋረጡም። ሐኪሙም ጋሼን አይቶ በሽታውን በስሙ ጠራው።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ቀድመው ያወረዱት ሰዎች ግን እንደገና ይለጥፉታል። ያደረግኩትን በራሴ አፍ ተናግሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ለጠፍኩ፤ ጥቂት ሰው አየው። «አስገድደዋት ነው» አሉ አጨብጫቢዎቹ። «አሁን ማምለጫ ነው» አሉ ተሳዳቢዎቹ። የእሑዱ ትምህርት እንደቀረ ቀረ። አንድ ዕድሜ ሙሉ የሌላውን ሐሳብ በክብር ሲዋሱ የኖሩት ሰው፣ ለማያውቃቸው ሁሉ ያ አርባ አንድ ሰከንድ ሆነው ቀሩ።

እናንተን አንድ ነገር ልለምን። ልብ የሚያቃጥል ንግግር ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ «ግማሹ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጋሽ ሰይድ በንግግሩ የቆሰሉት እሳቸው ሆነው ሳለ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል። እኔ የቆሰለም የተነካም አልነበረኝም። አንደኛ መውጣት ብቻ አማረኝ።

ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ህሊና ቅዳሜ ቅዳሜ እንድመጣ ፈቀደችልኝ። ደብተር ይዤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጋሽ ሰይድ የሚሉትን እጽፋለሁ፤ ስድስተኛው ደብተር እንዲያልቅ። ከጥቂት ሳምንት በፊት፣ ጋሽ ሰይድ ውሃ ሊያፈሉ ሲነሱ፣ ለራሳቸው ለጋሼ ነገርኳቸው። እስከዚያ ቀን ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ። በጥሞና ሰሙኝ።

«እንግዲያው ልዋስልሽ» አሉ።

ተዋሱልኝም። «ወጣት ነሽ። ከአገር ወጥተሽ ማንም ስምሽን የማያውቅበት ከተማ ገባሽ። አልጋ ስታነጥፊ ማንም አላየሽም፣ ካርቶን ስትሸከሚ ማንም አላየሽም። አንድ ቀን አገር ሁሉ ዞሮ አየሽ። የታየሽው በሌላ ሰው ፊት እንደሆነ አወቅሽ፣ ግን መታየቱ ጣመሽ። ከዚያ ፈራሽ። ፍርሃት ደግሞ ድስት ያሳጥባል።» ቀና ብለው ጠበቁኝ። «ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው ጋሼ» አልኩ፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ጣታቸውን አነሱ። «ይህን ካልኩ በኋላ ግን…»

ጠበቅኩ። መስኮቱን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ጣታቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«ሻዩ ቀዘቀዘ» አሉኝ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

መልሱን አሁንም እየጠበቅኩ ነው።